የአያ አላምረው ማኅተምና የአዲ አርቃይ ሰም

በነሐሴ ጎንደር አትታይም፤ ትታለማለች። ጭጋጉ ከግንቡ አናት ወርዶ ፒያሳን ሲሞላው ከሰውም ከቤትም ግማሽ ግማሹ ብቻ ይቀራል፤ ድምፅ ይመጣል፣ ባለድምፁ አይመጣም። እኔ ደግሞ ፀሐይ እያለም ፈዛዛ ነኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ተማሪዎቼ «መምህር አስማረ ካርታው ሥር ቆመው ይተኛሉ» እያሉ ያሙኛል፤ አልዋሹም። በፍልሰታ ጾም ሆዴ ባዶ ሲሆንማ ከሕልሜ የምነቃው ሰው ሲገጨኝ ነው።

እንዲህ ሆኜ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በፍልሰታ መካከል፣ ከማራኪ ወደ ገበያው ስወርድ ዝናቡ በድንገት ለቀቀብኝ። አዲስ ጫማ አድርጌ ነበርና ዝናቡን እየረገምሁ ያገኘሁት በር ውስጥ ዘው አልሁ። የገባሁበትን ቤት ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። የማርና የጢስ ሽታ ተቀላቅሎ አየሩን ሞልቶታል። የአያ አላምረው የሰም መጋዘን ነበር።

አያ አላምረው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰም ሲነግዱ የኖሩ፣ ለአድባራቱ ሁሉ የጧፍ ሰም የሚያቀርቡ ሽማግሌ ናቸው። ሰሙን ሰብረው ሲያሸቱት ከየትኛው ቆላ እንደ መጣ ይናገራሉ፤ ስተውም አያውቁም። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰም ሁሉ አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ደረጃ መሆኑን የሚመሰክረው የእሳቸው ማኅተም ነበር። የንግድ ቢሮውም ባንክ ቤቱም ያንን ማኅተም ካዩ ቃል አይመልሱም።

ያን ዕለት ብቻቸውን አልነበሩም። እንኳየሁ የምትባለው የእኅታቸው ልጅ የዝናብ ልብሷን ሳታወልቅ ፊት ለፊታቸው ቆማለች። ይህች ልጅ ተምራ፣ በባንክ ቤት በውጭ ንግድ ክፍል የምትሠራ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ጉንጯ ቀልቷል።

«መምህር!» አሉ አያ አላምረው እንዳዩኝ። «እሰይ፣ እመቤቴ ናት ያመጣችህ። ተቀመጥና ፍረደን። ይህች ልጅ አጎቷን ልታሳስር ነው!»

«እንዲያ አላልሁም አጎቴ» አለች እንኳየሁ። «ያልሁት፣ ያንን ማኅተም አይምቱ ነው።»

ከግራ ከቀኝ ሲነግሩኝ ነገሩ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። የአያ አላምረው የጽዋ ማኅበርተኛ የሆነው ነጋዴ ታከለ ከአዲ አርቃይ አንድ መኪና ሙሉ ሰም አምጥቷል። ሰሙ በአሰብ በኩል ባሕር ይሻገራል። ነገ ጠዋት ወረቀቱ ባንክ ቤት መግባት አለበት፤ ታከለም አያ አላምረው «ሦስተኛ ደረጃ» ብለው እንዲያትሙለት ለምኗቸዋል። እሳቸውም እሺ ብለዋል። ይህንኑ ለእኅታቸው ልጅ እንደ ዋዛ ቢያጫውቷት እሳት ለብሳ ተነሣች።

«ሰሙስ ሦስተኛ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ኧረ ሸጋ ነው! ሳልሰብረው ሽታው ይናገራል፤ እንዲህ ያለ ሰም ካየሁ ቆይቻለሁ» አሉ።

«ታዲያ ምነው ሦስተኛ?»

አያ አላምረው እንደ ሕፃን አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ የማን አገር ሰው ነህ? ሸጋውን ሸጋ ነው ይሉታል እንዴ? ላሚቱ ወተቷ ሲበዛ ‘ይቺ ደረቅ’ ትባላለች። ሕፃኑ ሲወፍር ‘ምነው ከሳ’ ይባላል። ዓይን አለ! አባቴም ሰሙን እንዲሁ ዝቅ እያደረገ ነበር የሚሸጠው። መጥፎውን ሸጋ ማለት ሌብነት ነው። ሸጋውን መጥፎ ማለት ግን ትሕትና ነው። በትሕትናው የተከሰሰ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ ጣፈጠኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ የሰሙ ሽታ ያባባል፣ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። እንኳየሁ ብታፈጥብኝ ነው ያቆምሁት።

«አጎቴ፣ ትሕትናው ለማን ነው?» አለች። «ገዢው ባሕር ማዶ ሆኖ የሚያየው ሰሙን እንጂ የእርስዎን ትሕትና አይደለም። ሰሙ አንደኛ መሆኑን ያውቃል፤ የአንደኛውንም ዋጋ ይከፍላል። ግን ወረቀቱ ሦስተኛ ስለሚል በባንክ በኩል የሚልከው የሦስተኛውን ብቻ ነው። የቀረውን እዚያው፣ በሻጩ ስም፣ ሌላ ባንክ ያስቀምጥለታል። ያ ገንዘብ ወደዚህ አገር እግሩን አያነሣም። ቀረጡም ቀረ፣ ምንዛሪውም ቀረ። ሰሙ ግን ሄዷል።»

«እና ገዢው ይጠየቃ! እኔ ደረጃ አልሁ እንጂ ገንዘብ አልነካሁ።»

«ያለ እርስዎ ማኅተም እኮ ነገሩ አይሆንም። ዋጋውን ዝቅ ቢያደርጉት ሰው ‘ለምን?’ ይላል። አያ አላምረው ሦስተኛ ካሉት ግን ማን ይጠይቃል? የሚፈለገው እጅዎ አይደለም፤ ስምዎ ነው።»

ሽማግሌው ተቆጡ። ባንክ ቤት ማለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀት ማገላበጥ እንደ ሆነ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን እንደማይለቅ፣ ሰምን የሚያውቅ ሰም የነካ ብቻ እንደ ሆነ ዘረዘሩ። እኔም ባላርፍ «እውነት እኮ፣ በዚህ ጭጋግ ውስጥ ተቀምጣችሁ የባሕር ማዶውን በምን ታዩታላችሁ?» አልሁ።

እንኳየሁ እኔን ትታ ወደ አጎቷ ዞረች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እርስዎ ሰም በምን ያውቃሉ አጎቴ?»

«ሰብሬ ነዋ!»

«ለምን ይሰብሩታል?»

«አለዚያማ ውስጡ ጮማ ይከቱበታል፤ ድንጋይ ይከቱበታል። አንድ ጊዜማ የፈረስ ኮቴ አግኝቻለሁ!» ብለው ሳቁ።

«ሰሙ የተሰበረበት ሰው ይቀየማል?»

«ምን ያስቀይመዋል? ሥራው ነው። የቄሱም ይሰበራል፣ የወንድሜም ይሰበራል።»

«እኛም ንግዱን እንደዚሁ እንሰብረዋለን» አለች። «አንድ ነጋዴ ‘ይህን ያህል ሰም በዚህ ዋጋ ሸጥሁ’ ሲለን፣ በዚያው ሰሞን ሌሎች ነጋዴዎች በስንት እንደ ሸጡ እናያለን፤ የውጭውን ዋጋ በቴሌክስ እንጠይቃለን። ከሌላው ሁሉ ርቆ ከወረደ ወይም ከወጣ እንቆማለን። ከዚያ ገዢው ማን ነው እንላለን። ሱቅ አለው? ፋብሪካ አለው? ወይስ ትናንት የተከፈተ፣ ስም ብቻ የሆነ ቤት ነው? እዚያ ያለውን ባንክ እንጠይቃለን። ዕቃውንም መጋዘን ወርደን እናስመዝናለን፤ ወረቀቱ ሰም ብሎ መኪናው ባዶ የሆነበት ጊዜም አለ። ዕቃው ከሄደ በኋላ እንኳ አንተኛም፤ ዋጋው ተመልሶ እስኪገባ ድረስ እንከታተላለን። ይህ ሁሉ ሰውን መናቅ አይደለም አጎቴ። መስበር ነው።»

አያ አላምረው ጢማቸውን አሻሹ። ነገሩ የገባቸው መሰለኝ፤ ግን ሽማግሌ በአንድ ምላስ አይረታም።

«የማኅበርተኛ ሰም ግን አይሰበርም» አሉ በመጨረሻ። «አባቴም አልሰበረም፣ እኔም አልሰብርም። ታከለና እኔ በእመቤታችን ስም አንድ ጽዋ የጠጣን ነን። ሰሙን ብሰብር እሱን መስበሬ ነው። ማኅተም ለመነኝ፤ ማኅተም ምን አላት? በሬ ይዋዋሱ የለም?»

«እንግዲያው እኔም የማልደብቅዎት ነገር አለ» አለች። «ያ ወረቀት ነገ ጠዋት እኔ ጠረጴዛ ላይ ከመጣ፣ አጎቴ ናቸው ብዬ አላሳልፈውም። ሰሙ አንደኛ መሆኑን ከአፍዎ ሰምቻለሁ። ለአለቃዬ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ያውቁታል።»

እናውቀዋለን። በዚያ ዘመን «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚለው ቃል ብቻውን ቤት ያፈርስ ነበር። አያ አላምረው የእኅታቸውን ልጅ አዩዋት። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ትምህርት ቤት ያስገቧትም እሳቸው ናቸው። እንኳየሁ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ታለቅስ ጀመር።

«ሌሊት ሕልም አይቼ ነበር» አሉ ሽማግሌው ለማንም ሳይሆን። «ንቦቼ ሁሉ እንደ ደመና ሆነው ከቀፎ ወጡ። ጠራኋቸው። ሰሙኝ፤ ዘወር ብለው አዩኝ። ንብ አይስቅም፣ እነሱ ግን ሳቁ። ሄደው የሰው ቀፎ ገቡ።»

«ደግ ሕልም ነው፤ ልጅ ይድራሉ» አልሁ፤ የማላውቀውን መፍታት አመሌ ነው።

በዚህ መካከል ታከለ ገባ። ካቦርቱ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ብብቱ ሥር አንድ የሰም ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ሰም ቀልጦ በገል ሳህን ሲረጋ ዳቦ ስለሚመስል እንዲህ እንለዋለን። ታከለ ትሑት፣ ዓይነ አፋር፣ ፊቱ ከሁለት ዓመት ወዲህ የከሳ ሰው ነው። ሁላችንንም በየስማችን ጤና ጠየቀ። ከዚያ ሰሙን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ለአደራው መጣሁ አያ አላምረው» አለ።

አያ አላምረው ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡ። ግን አላተሙም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ታከለ። አንተ ይህን ሰም ከገበሬው በስንተኛ ገዛኸው?»

«በሦስተኛ ነዋ።»

«እንዴት ተስማሙ? አዲ አርቃዮች ሰማቸውን ያውቃሉ።»

ታከለ ሳያስበው ተናገረ። «አምና እንዲሁ ሦስተኛ ብለህ ያተምህልኝን ወረቀት አሳየኋቸው። መጀመሪያ ጮኹ። በኋላ ግን ‘አያ አላምረው እንዲህ ካሉ እኛ ምን እንላለን’ ብለው ተቀበሉ። ያ ኩሩው ኃይለ ጊዮርጊስ እንኳ ማኅተሙን አገላብጦ አየና አንገቱን ደፋ። ዘንድሮ ቀፎዎቹን አውርዷል አሉ። ‘ንቦቼ ረክሰዋል’ ብሎ።»

ሽማግሌው ማኅተሙን እጃቸው ላይ አገላበጡ።

«ኃይለ ጊዮርጊስ?» አሉ። «የኃይለ ጊዮርጊስን ሰም እኔ... እኔ እንደ ቁርባን ነበር የማየው። በእኔ ማኅተም ነው ቀፎውን ያወረደው? እኔ ትሕትና ብዬ?»

ማኅተሙን አስቀመጡና ሰሙን አነሡ። ታከለ እጁን ዘረጋ፤ ሊከለክል ይሁን ሊለምን አላወቅሁም። አያ አላምረው የማኅበርተኛቸውን ሰም በጉልበታቸው ላይ ሰበሩት። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ብጫ ነበር፤ የቆላ አበባ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«በል አሁን፣ ይህን እያየህ፣ በአፍህ ሦስተኛ በለው» አሉት።

ታከለ አላለም። በርጩማው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ለራሴ አይደለም» አለ። «ተክለ ጊዮርጊስ፣ ልጄ... ከተማው ሲታመስ የጠፋው። ሞተ ብለን አልቅሰን ነበር፤ ሱዳን ነው። በሕይወት አለ። ምን ይብላ? በምን ይማር? ባሕር ማዶ የሚቀመጠው ገንዘብ ለእሱ ነበር። አያ አላምረው፣ አንተ ልጅ ያለህ ሰው ነህ። አንዲት ማኅተም ናት።»

እንኳየሁ ሳትቀር አቀረቀረች። እኔ ብሆን፣ እግዜር ይይልኝ፣ አትም ነበር። አያ አላምረው ተነሥተው ታከለን አቀፉትና አብረው አለቀሱ። ከዚያ እንዲህ አሉት፦

«ልጅህ ልጄ ነው። በሬ አለኝ፣ ይሸጥ። ጋቢዬም ይሸጥ። የምትልክበትን ቀና መንገድ እመቤቴ ታሳይህ። ግን ከኃይለ ጊዮርጊስ ልጆች አፍ ነጥቄ ለልጅህ አልሰጥም። እነሱም አባት አላቸው።»

ወረቀቱንም ስበው «አንደኛ ደረጃ» ብለው ጻፉና አተሙ። ታከለ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ደኅና ዋሉ ሳይል ወደ ጭጋጉ ወጣ። ምን እንደሚያደርግበት አናውቅም ነበር።

በማግስቱ ታከለ ያንኑ ወረቀት ለእንኳየሁ አስረከበ። ባንክ ቤቱም እንደ ልማዱ ገዢውን «ሰሙ አንደኛ ነው፤ ዋጋውን በሙሉ በባንክ በኩል ላክ» አለው። ገዢው መልስ አልሰጠም። አድራሻውን ቢያጠያይቁ ከአንዲት የተዘጋች ክፍል በቀር የሚታወቅ ነገር የለውም። ሰሙን ጭኖ ቢሆን ኖሮ የባሕር ማዶው ድርሻ ለልጁ ይድረስ፣ ለዚያ ሰው ይቅር፣ አንድ እግዜር ያውቃል። ታከለ ሌላ ገዢ እስኪያገኝ ሰሙ መስከረምን በመጋዘን ከረመ። ሲሸጥ ግን በሙሉ ዋጋው ተሸጠ። እሱም አልታሰረም፣ አያ አላምረውም አልታሰሩም፣ እንኳየሁም ያሳደጓትን ሰው አሳልፋ አልሰጠችም።

አንባቢ ሆይ፣ «ባንክ ቤት መጠየቅ ሲያበዛ ሥራ ያጓትታል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። በወረቀት ላይ የረከሰ ሰም ነዳጁን ያሳጣናል፣ የሐኪም ቤቱን መድኃኒት ያሳጣናል፣ የተማሪዎቼን ደብተር ያሳጣናል፤ ይህ ሁሉ የሚገዛው ሰሙ ይዞት በሚመለሰው ምንዛሪ ነውና። ከዚህም በፊት ግን የሚጎዳው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅለው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ አያ አላምረው በማኅበሩ ፊት ቆመው «የማኅበርተኛ ሰም ይሰበራል፤ እኔ ደግሞ የእኔን አስቀድሜ እሰብራለሁ» ብለው ሥርዓቱን ለወጡ። መጀመሪያ ያጉረመረሙ ነበሩ። በኋላ ግን እርስ በርስ መተማመኑ ጠነከረ እንጂ አልቀነሰም። በኅዳር የአዲ አርቃይ የሰም ዋጋ ከፍ አለ። ታከለም በጽዋው ዕለት መጥቶ ጥግ ተቀመጠ፤ ጽዋው ሲደርሰው ተቀብሎ ጠጣ። ከአያ አላምረው ጋር ገና አይነጋገሩም።

በታኅሣሥ አያ አላምረው ወደ አዲ አርቃይ ልወርድ ነው ብለው ጓደኛ ቢፈልጉ እኔ አብሬያቸው ሄድሁ። ሊማሊሞን ስንወርድ ደመናው ከመኪናው በታች ነበር፤ ገደሉ እየመጣ ይጠፋል፣ እኔም እየነቃሁ እተኛለሁ። ሽማግሌው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላንቀላፉም። የኃይለ ጊዮርጊስን ቤት ጠይቀን ደረስን። ሚስቱ ሸዋረጋ በር ላይ ተቀበለችን። ጥቁር ለብሳለች። ኃይለ ጊዮርጊስ በጥቅምት ሞቷል።

አያ አላምረው ጥምጥማቸውን አውልቀው በፊቷ ጎንበስ አሉ። «እኅቴ፣ የባልሽን ሰም ሦስተኛ ያልሁት እኔ ነኝ። ሐሰት ነበር። ከዚህ አገር ሰም ሁሉ የሱን የሚያህል አልነበረም። አንደኛ ነበር።»

ሸዋረጋ አተኩራ አየቻቸው። አልጮኸችም፣ አልረገመችም።

«ምነው አያ» አለች። «ምነው ይህችን ቃል እሱ እያለ ብታመጣት? ‘እጄ ተበላሽቷል፣ ሙያዬ ጠፍቷል’ እያለ ነው የሞተው።»

እንደ ጎነበሱ ቀሩ። እሷ ወደ ጓዳ ገብታ ልጆቿን እየጎተተች አመጣችና በሳቸው ፊት አቆመቻቸው።

«ቀና በል አያ» አለች። «ለእኔ ያልኸውን ለእነሱም ድገምላቸው። ከፍ አድርገህ በለው፤ ጎረቤትም ይስማ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ዕንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮኸው ተናገሩ፦

«የአባታችሁ ሰም አንደኛ ነበር!»